ግማሽ ፊቴ አልታዘዝ አለኝ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ34 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ደሴ ነው። ትናንት ጠዋት አፌን ስጉመጠመጥ ውሃው በቀኝ በኩል ፈሰሰ። መስታወት ሳይ አፌ ወደ ግራ ተጣሟል፣ ቀኝ ዓይኔም አይከደንም። እናቴ «ንፋስ መትቶሽ ነው፣ ጸበል ሂጂ» ትለኛለች። ስትሮክ ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ።

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ፣ ግን ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ሂጂ። የነገርሽኝ ቤልስ ፓልሲ የሚባለውን ይመስላል። የፊት ጡንቻዎችን የሚያዘው ነርቭ በጆሮ አካባቢ ባለ ጠባብ የአጥንት ቦይ ውስጥ ሲያብጥ ይጨመቅና ግማሽ ፊት ከነግንባሩ ይሰንፋል። በስትሮክ ጊዜ ግን ብዙውን ጊዜ ግንባር መኮሳተር አያቅትም። ይህን ሐኪም ይለየው፣ አንቺ መስታወት ፊት ቆመሽ አትወስኚ። እጅ ወይም እግር ከዛለ፣ አንደበትሽ ከተሳሰረ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል!

የምቸኩለው ለምን መሰለሽ፣ ፕሬድኒሶሎን የተባለው መድኃኒት ይበልጥ የሚረዳው በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው፣ አንቺ ደግሞ አንዱን ቀን ጨርሰሻል። ከፋርማሲ ዝም ብለሽ እንዳትገዢው፤ ስኳር ካለብሽ ወይም እርጉዝ ከሆንሽ ለሐኪሙ ንገሪ። ጆሮሽ ላይ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ካለም አሳዪው።

ዓይንሽን አደራ። ካልተከደነ ይደርቃል፣ ይቆስላል። ቀን ማለስለሻ ጠብታ፣ ማታ የዓይን ቅባት አድርገሽ የዓይንሽን ቆብ በስሱ በፕላስተር ዝጊው።

እናትሽ ተጨንቀው ነው፣ አትቆጫቸው። ጸበሉም ይደርሳል፣ ሕክምናው ይቅደም። አብዛኛው ሰው በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ ይድናል። በ3 ሳምንት ምንም ለውጥ ካላየሽ ተመልሰሽ ታዪ።