ሽንኩርት መክተፊያ ቦታ ለጠፋበት ባንኮኒ

በባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየምዎ ኩሽና ውስጥ ባንኮኒው በዕቃ ተሞልቶ ሽንኩርት የሚከትፉበት ቦታ እንዳጡ ገልጸው፣ መደርደሪያ ቢገዙ ይሻል እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔም ይህን በሚያህል ኩሽና ዘጠኝ ዓመት ስኖር የጀመርሁት መደርደሪያ በመግዛት ነበር፤ ትርፉ ግን የተዝረከረከው ዕቃ ከፍ ብሎ መዝረክረኩ ብቻ ሆነ። ስለዚህ ገንዘብዎን ለጊዜው ይያዙት።

እኔን የጠቀመኝ፣ አንድ ቅዳሜ ባንኮኒው ላይ ያለውን ሁሉ ሳሎን አውርጄ፣ ሥራ ሲጠይቀኝ ብቻ አንድ በአንድ እየመለስሁ ሳምንት መቆየቴ ነው። ከምድጃው ሌላ የተመለሱት መክተፊያው፣ የጨውና የዘይት ዕቃው እንዲሁም የውሃ ማፍያው ብቻ ነበሩ። (አማቴ ባዶውን አይተው ሌባ የገባ መስሏቸው ደንግጠዋል።)

ዋናው ባለዕዳ የኤሌክትሪክ ምጣዱ ነበር። ስፋቱ ወደ 60 ሴንቲሜትር ስለሚጠጋ የባንኮኒውን ወርድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይይዛል፤ እኔ ግን የምጋግረው በሳምንት አንድ ቀን ነው። ስለዚህ ዝናብ ወደማያገኘው የበረንዳው ጥግ፣ ዝቅ ያለ የብረት ማስቀመጫ ላይ አወጣሁት። እርስዎም ይህን ካደረጉ፣ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ኃይል ስለሚስብ፣ በማከፋፈያ ገመድ ከመጠቀም ይልቅ ባለሙያ ለብቻው መስመር ይዘርጋልዎ።

በርበሬና ሽሮን ለዓይን እንዲያምሩ ብዬ በብርጭቆ ዕቃ ምድጃው አጠገብ ደርድሬያቸው ነበር። በርበሬው በብርሃኑ ቀለሙ ደበዘዘ፣ ሽሮው ደግሞ በእንፋሎቱ ጓጎለ። አሁን የሳምንቱን ብቻ በትንሽ ቆርቆሮ አስቀርቼ፣ የቀረውን ከምድጃው ራቅ ባለ ደረቅና ጨለማ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጣለሁ።

ውሃ በፈረቃ የሚያገኙ ከሆነ ባለ 20 ሊትር ጄሪካኖቹ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ይቀመጡ፤ ቧንቧ ያለውን ትንሹን ግን ከባንኮኒው አያንሡት። እኔ አንሥቼው፣ ውሃ በጠፋ ቀን እጄን ለመታጠብ እንኳ ጎንበስ ቀና ስል ውዬ መልሼዋለሁ። ረከቦቱ ሳሎን ይሁን።

ባዶ ቦታ ሲገኝ ቁልፍ፣ ደረሰኝና መድኃኒት መከማቸታቸው አይቀርም። ለእነዚህ መግቢያው በር አጠገብ ሰፌድ አኑሬላቸዋለሁ፤ የስልክ ቻርጀሮቹን ግን እስካሁን ከባንኮኒው ማስለቀቅ አልቻልሁም።