ልጄን ትምህርት ቤት ይመቱታል፤ «ሌላውን ጉንጭህን አዙር» ልበለው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የ9 ዓመት ልጅ አለኝ። የክፍሉ ልጆች በአነጋገሩ ያሾፉበታል፣ ደብተሩን ይቀሙታል፣ አንዳንድ ጊዜም ይመቱታል። እኔ «ክርስቲያን ሌላውን ጉንጩን ያዞራል፤ ቻለው» አልሁት። አባቱ ደግሞ «መልሰህ ምታ» ይለዋል። አሁን ምንም አይነግረንም፤ ጠዋት ጠዋት ሆዴን አመመኝ እያለ ከቤት አልወጣም ይላል። ለመምህራኑ ብንናገር በቀል ይሆንብናል?

መልስ፦ እኅቴ፣ መናገር በቀል አይደለም። ልጁን የመጠበቅ ኃላፊነት ያለባቸው ሰዎች እንዲያውቁ ማድረግ የወላጅ ግዴታ ነው። ዝም ብትሉ በዳዮቹም ይጎዳሉ፤ የሚገታቸው አጥተው ክፋቱን ይለምዱታልና።

ጌታ ሁለተኛውን ጉንጭ ስለ ማዞር የተናገረው (ማቴ. 5፥39) «ዓይን ስለ ዓይን» የሚለውን ብድር መመለስ ሲያስቀር ነው። ብድር መመለስን ከለከለ እንጂ እውነት መናገርን አልከለከለም። እርሱ ራሱ በሊቀ ካህናቱ በሐና ፊት በጥፊ ሲመታ እጁን አላነሣም፣ ዝምም አላለም፤ «መልካም ተናግሬ እንደ ሆንሁ ግን ስለ ምን ትመታኛለህ?» ብሎ ጠየቀ (ዮሐ. 18፥23)። ጉንጭን ማዞር መበቀል እየቻለ በፈቃዱ የሚተው ሰው ምግባር ነው። ልጅሽ ግን የሚተወው አቅም የለውም። ፈርቶ የሚቀበለውን ዱላ ትዕግሥት ብለን ብንጠራለት፣ እግዚአብሔር ከሚመቱት ጋር የቆመ ይመስለዋል። እኔን ከዱላው ይልቅ የሚያስፈራኝ ይህ ነው።

ብዙ ልጆች አፋቸውን የሚዘጉት «አሳባቂ» እንዳይባሉ ነው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 23ን አንብቢለት። ከ40 የሚበልጡ ሰዎች ጳውሎስን ሳይገድሉ እንዳይበሉና እንዳይጠጡ ሲማማሉ ሤራውን ሰምቶ የተናገረው የእኅቱ ልጅ ነበረ። ጳውሎስ «ዝም በል» አላለውም፤ እስረኛ አድርጎ ይጠብቀው ወደ ነበረው የሮማ ሻለቃ ላከው። ሻለቃውም የብላቴናውን እጅ ይዞ ለብቻው ፈቀቅ አደረገውና ምን ሊነግረው እንደ መጣ ጠየቀው፤ ሰማው፤ በዚያው ሌሊትም ጳውሎስን በወታደሮች አስጠብቆ ከከተማው አስወጣው። አንቺና ባለቤትሽም እንዲሁ አድርጉ፤ እጁን ይዛችሁ ለብቻው ጠይቁት፣ ሳታቋርጡ ስሙት። «አንተስ ምን አድርገሃቸው ነው?» የሚለው የመጀመሪያ ጥያቄ አይሁን። በሆዱ ሕመምም አትቆጡት፤ ፍርሃት የልጅን ሆድ በእውነት ያሳምማል።

ከዚያ የተደረገበትን፣ ቀኑንና ቦታውን፣ በዚያ የነበሩትንም ጽፋችሁ ለክፍሉ ኃላፊ መምህር አሳዩ፤ ካልተፈታ ወደ ርእሰ መምህሩ ሂዱ። የመታውን ልጅ መንገድ ጠብቆ ማስፈራራት ግን ክልክል ነው። እርሱም ልጅ ነው።

ባለቤትሽ የሚቆጣው ከፍቅር መሆኑ ይገባኛል። ነገር ግን መልሶ የመታ ልጅ ወይ ይብስ ይጎዳል፣ ወይም እርሱ ጥፋተኛ ተብሎ ይቀጣል። ፊቱን መከለል፣ «ተው!» ብሎ መጮኽ፣ ወደ ትልቅ ሰው መሮጥ በቀል አይደሉም። አባቱ እነዚህን ቤት ውስጥ ያለማምደው።

ይቅርታን አታስቸኩሉት። ዱላው ሳይቆም «ይቅር በላቸውና ተቃቀፉ» ማለት በልጁ ላይ ሌላ ሸክም መጫን ነው። ማታ አብራችሁ ስትጸልዩ የሆነበትን በራሱ አንደበት ለእግዚአብሔር ይንገር፤ ዳዊትም ስለሚያሳድዱት ሰዎች እያለቀሰ ጸልዮአል። ስለ ልጆቹ እስኪጸልይ ድረስ እናንተ ጸልዩላቸው።

ገላው ላይ ጉዳት ካያችሁ፣ ወይም «መሞት እፈልጋለሁ» የሚል ቃል ከአፉ ከወጣ፣ ጸሎት ይበቃዋል ብላችሁ አትዘግዩ፤ ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበረ። በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ውሰዱት፤ እስከዚያም ብቻውን አትተዉት።