«እኔ የሰማሁት ብቻ ነው»፦ ስለ ፖሊስና እሳት አደጋ ሬዲዮ የአንባቢያን ጥያቄዎች

ስለ ፖሊስ፣ ስለ አምቡላንስና ስለ እሳት አደጋ መገናኛ ሬዲዮ የደረሱኝን ጥያቄዎች በአንድ ላይ ሰብስቤአቸዋለሁ። ዓመቶቹና ቀኖቹ፣ «ዓ.ም.» ካላልኩ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለመንገድ እንዲሆነኝ ርካሽ የእጅ ሬዲዮ ገዛሁ። በትናንሽ ከተሞች ሳልፍ የፖሊሶች ንግግር ይገባልኛል። መስማት ወንጀል ነው? (የከባድ መኪና አሽከርካሪ፣ ሚኒሶታ)

በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ያልተመሰጠረ (ሌላ ሰው እንዳይሰማው በኮድ ያልተቆለፈ) የፖሊስ ንግግር መስማት አይከለከልም። እርስዎን የሚያሰጋዎ የግዛቶች ሕግ ነው። የእርስዎዋ ሚኒሶታ የፖሊስ ሞገድ የሚቀበል መሣሪያ ያለ ፈቃድ መኪና ውስጥ እንዲገጠም አትፈቅድም፤ ኒውዮርክና ፍሎሪዳም የየራሳቸው ክልከላ አላቸው። ግዛት ሲያቋርጡ ሕጉም አብሮ ይቀየራልና ከመነሳትዎ በፊት ይጠይቁ። ከአሽከርካሪ ለአሽከርካሪ ወሬ ከሆነ ሲቢ ሬዲዮ ይበቃዎታል፤ 40 መስመር አለው፣ ፈቃድም አይጠይቅም። ወደ እንግሊዝ ወይም ወደ ጀርመን ከተሻገሩ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ ለእርስዎ ያልታሰበን የፖሊስ ግንኙነት ማዳመጡ ራሱ ጥፋት ነው።

የዋሽንግተን ፖሊስ ሬዲዮ ድሮ ይሰማ ነበር ይላሉ። ለምን ዝም አለ? (ዋሽንግተን ዲሲ)

በ2011 ስለተመሰጠረ። ኒውዮርክም በ2023 ጀምራለች። ፖሊስ «ሌባው ቀድሞን እየሰማ ያመልጣል» ይላል፤ እውነትም አለው። ጋዜጠኛውና ነዋሪው በአንድ ጊዜ ከደጅ መቅረታቸው ግን ለእኔ አይዋጥልኝም።

የአሥራ ስድስት ዓመት ልጄ እንዲህ ያለ ሬዲዮ አለው። ለቀልድ አንድ ቃል ቢናገርበት ምን ይደርስበታል? (እናት፣ ሜሪላንድ)

ቀልዱ የሚጎዳው እንዴት እንደሆነ ልንገርዎት። በተለመደው ሬዲዮ አንድ መስመር በአንድ ጊዜ የሚሸከመው አንድ ድምፅ ነው። ልጅዎ ቁልፉን ተጭኖ ሲስቅ፣ በዚያው ሰከንድ አንድ ፖሊስ «ተመታሁ፣ ድረሱልኝ» ቢል ጠንካራው ሞገድ ደካማውን ይውጠዋል ወይም ሁለቱም ተደባልቀው ጩኸት ይሆናሉ። የጥሪ ማዕከሉ ባለሙያ ከዚያ ጩኸት ምንም ሊለይ አይችልም። ፖሊሱ ደግሞ የተሰማ ይመስለዋል።

በ2016 በኒውዮርክ ኩዊንስ የሚኖር አንድ ወጣት ወደ ከተማው ፖሊስ መስመር ገብቶ የሐሰት የቦምብ ማስፈራሪያ ያሰማ ነበር፤ ፖሊሶቹንም ይዝትባቸው ነበር። የአሜሪካን ሬዲዮ የሚቆጣጠረው የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ2017 የጣለበት ቅጣት 404,166 ዶላር ነው። እስሩና ክሱ ለብቻው ነው። «ማን ያውቀኛል?» የሚለው ደግሞ የልጅ ሐሳብ ነው፤ ሬዲዮ ሲናገሩበት ያሉበትን ቦታ ያሳብቃል። አቅጣጫ ጠቋሚ አንቴናዎች ከሁለትና ከሦስት ቦታ ሆነው መስመር ይዘረጋሉ፣ መስመሮቹ የሚገናኙበት ላይ ቤት አለ። የንግግሩ ቅጂም አለ።

ሬዲዮውን ግን አይንጠቁት። የአማተር ሬዲዮ (በፈቃድ የሚሠራ የትርፍ ጊዜ ሬዲዮ) ፈተና ያስፈትኑት፤ የመጀመሪያው ደረጃ 35 ጥያቄ ነው፣ 26ቱን የመለሰ ያልፋል፣ የዕድሜ ገደብም የለውም።

ለማወክ ሳይሆን ለመርዳት ብገባስ? ቅን ልብም ይቀጣል? (ሲያትል)

ይቀጣል። በሐምሌ 2021 በአይዳሆ ግዛት ኤልክ ሪቨር በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ የደን እሳት ተነስቶ 1,000 ኤከር ያህል አቃጠለ። አንድ ፈቃድ ያለው የአማተር ሬዲዮ ሰው የእሳት ተዋጊዎቹን ሞገድ አገኘና ከአውሮፕላኖቹና ከምድር ሠራተኞቹ ጋር ማውራት ጀመረ። ይሰጥ የነበረው መረጃ ስለ አካባቢው አደጋዎችና በተራራው ላይ ስላሉ የሬዲዮ መሣሪያዎች ነበር። ክፋት አላሰበም፤ ልረዳ ብዬ ነው አለ።

አሁን በአብራሪው ወንበር ይቀመጡ። ከታች ጭስ ነው፣ ውኃው የት እንደሚጣል የሚነግርዎትን ሰው ድምፅ እየጠበቁ ነው፣ ስሙ በዝርዝሩ ላይ የሌለ ሰው ትእዛዝ በሚመስል ቃና ይናገራል። ማንን ያምናሉ? ለማጣራት ቢጠይቁ ጥያቄዎም መስመሩን ይይዛል። በመጨረሻ ከእሳቱ ሥራ ኃላፊዎች አንዱ ዘመቻውን ትቶ እስከ ከተማዋ ትንሽ የአውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ነድቶ ሄዶ ሰውየውን «ተው» አለው። እኔን የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው፦ እሳት እየነደደ አንድ አዛዥ ረዳት ነኝ ባይ ፍለጋ ወጣ። ኮሚሽኑ በ2022 የ34,000 ዶላር ቅጣት አቀረበበት።

የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ወድቆ ሌላ መገናኛ በማይኖርበት ጊዜ ያለውን መንገድ ሁሉ መጠቀም እንደሚቻል በአማተር ሬዲዮ ደንብ ውስጥ ተጽፏል። በኤልክ ሪቨር ግን መገናኛው ይሠራ ነበር። ኃላፊው በመኪና የደረሰበትን መንገድ እሱም ሄዶ መናገር ይችል ነበር።

የዳላስ ከተማ የአደጋ ማስጠንቀቂያ ሳይረኖች በሌሊት የጮኹ ጊዜ «ኮምፒውተሩ ተጠለፈ» ተብሎ ነበር። እውነት ነው? (ጋርላንድ፣ ቴክሳስ)

ኮምፒውተር የነካ አልነበረም፤ በሬዲዮ ነው የተደረገው። ሳይረኖቹ «ጩህ» የሚለውን ትእዛዝ የሚቀበሉት በሞገድ ነው፤ ትእዛዙን አስመስሎ የላከ ሰው ይበቃል። ሚያዝያ 7 ቀን 2017፣ ዓርብ ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ40 ገደማ ጀምሮ 156ቱም ሳይረኖች ከሌሊቱ 7 ሰዓት አልፎ ድረስ እየተቋረጡ ጮኹ። ሠራተኞች መላውን ሥርዓት ካላጠፉት በቀር ዝም አላሉም። ከ4,000 በላይ ሰው ወደ አስቸኳይ ጥሪው ቁጥር 911 ደወለ፤ ለመልስ እስከ 6 ደቂቃ የጠበቀም ነበር። በዚያ ሰዓት ልቡ የቆመበት ሰው ቢኖር ቤተሰቡም እዚያው ሰልፍ ውስጥ ነበር የሚጠብቀው።

ፖላንድም ይህንኑ ቀምሳለች። በነሐሴ 2023 የባቡሮቻቸውን የአስቸኳይ ማቆሚያ ድምፅ ያለ ፈቃድ ያሰራጩ ሰዎች 20 ገደማ ባቡሮችን አስቆሙ። ከተያዙት ሁለት ሰዎች አንዱ ራሱ ፖሊስ ነው።

በፖሊስ ሬዲዮ ላይ የደኅንነት ጉድለት ባገኝስ? (የኮምፒውተር ተማሪ፣ ስቶክሆልም)

የስሎቬንያውን ተማሪ ታሪክ አስቀድመህ እወቅ። የአገሩ ፖሊስ ቴትራ የሚባለውን የሬዲዮ ሥርዓት በአግባቡ ሳያመሰጥር እንደሚጠቀም ደረሰበት፣ ነገራቸው፣ ሰሚ ሲያጣ ለሕዝብ አወጣው። በ2016 የ15 ወር የገደብ እስራት ተፈረደበት። የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ግን በዚያው በቴትራ አንድ የምስጠራ ዓይነት ላይ 80 ቢት የተባለው ቁልፍ ወደ 32 ቢት እንደሚወርድ (ቢቱ ባነሰ ቁጥር ቁልፉን መስበር ይቀላል) ሲያገኙ፣ መሣሪያ ገዝተው በራሳቸው ቤተ ሙከራ ፈተሹ፣ ለሚመለከታቸው አሳወቁ፣ ጊዜ ሰጡና በ2023 ይፋ አደረጉ። የሌላ ሰው ሕያው ግንኙነት ላይ አትሞክር፤ ከመሞከርህ በፊትም ጠበቃ አነጋግር።

ለድርጅታችን ጥበቃዎች የእጅ ሬዲዮ ከዱባይ ልናስመጣ ነው። (አዲስ አበባ)

ዕቃው ከመጫኑ በፊት ወደ ኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ይሂዱ። በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1148 መሠረት ሞገድ የሚመድበው እሱ ነው። የመሣሪያውን ሞዴል፣ ኃይሉን በዋት፣ የሚሠራበትን ሞገድ ጽፈው ይያዙ። ነጋዴው «ፋብሪካው በሞላው ሞገድ ዝም ብለው ይጠቀሙ» ካለዎት አይስሙት፤ ያ ሞገድ እዚህ የማን እንደሆነ ዱባይ ያለ ሻጭ አያውቅም።