ከመለካታችሁ በፊት ስሙን ጠይቁ

ልጆች፣ በተለይ ቅየሳና ጂአይኤስ (በኮምፒውተር የሚሰራ የካርታ መረጃ) የምትማሩት፣ እኔ እድሜዬን መሬት ስለካ ነው የኖርኩት፣ አሁን ጡረታ ላይ ሆኜ ደግሞ የአየርላንድን የማሳ ስሞች ማንበብ ይዞኛል፣ እና አንድ ነገር ልለምናችሁ ነው።

እዛ አገር ገበሬው ለእያንዳንዷ ማሳው ስም ያወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1824 የእንግሊዝ መንግስት መላ አየርላንድን ማስቀየስ ሲጀምር የየመንደሩ ስም ካርታ ላይ ገባ፣ ጆን ኦዶኖቫን የሚባል ትልቅ ሊቅም እየዞረ የአገሬውን ሰው ጠይቆ ብዙ ጽፏል፣ የማሳዎቹ ስም ግን አብዛኛው ሰው አፍ ላይ ቀረ።

ስሙ የያዘውን ነገር እዩት እስቲ። ኪሊን የሚባል ማሳ አለ፣ ክርስትና ሳይነሱ የሞቱ ህጻናት የተቀበሩበት ማለት ነው፣ ያኔ ቤተክርስቲያን ግቢ መቅበር ስለማይፈቀድ አባትየው ብዙ ጊዜ በሌሊት ልጁን ይዞ ሄዶ ቀብሮት ይመለስ ነበር፣ ምልክቱም ምንም ያልተጻፈበት ድንጋይ ነው። ቀያሽ ቢያየው ሳር ብቻ ነው የሚታየው፣ ይሄን ሳነብ ስንቱን ማሳ በቁጥር ብቻ አልፌዋለሁ ብዬ አዘንኩ። ሊስ የሚሉት ደግሞ በክብ የአፈር ካብ የታጠረ የድሮ ሰው ግቢ ነው፣ ገበሬው ግን የማይታዩት ሰዎች ቤት ነው ብሎ ማረሻ አያስነካውም፣ ዛፉንም አይቆርጥም፣ ብዙ ሺዎቹ እስከዛሬ የተረፉት አንድም በዚህ ፍርሃት ነው። ካቶሊኮች በሚሳደዱበት ዘመን ቄሱ ተደብቆ ድንጋይ ላይ የቀደሰበት ማሳም በቅዳሴው ይጠራል።

እኔን በጣም የገረመኝ ማን እንደሰበሰበው ነው። ከ1937 እስከ 1939 ወደ 50,000 የሚሆኑ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች አያቶቻቸውንና ጎረቤቶቻቸውን እየጠየቁ ደብተር ላይ ጻፉት፣ ዛሬ ደብሊን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተቀምጧል፣ ኦንላይንም ይነበባል። የ12 ዓመት ልጅ ከቻለ እናንተ ስልክ ይዛችሁ እንዴት ያቅታችኋል?

ስለዚህ ፊልድ ስትወጡ መሳሪያውን ከመትከላችሁ በፊት "አባባ፣ ይቺን ማሳ ምን ብላችሁ ነው የምትጠሯት? ለምን?" በሏቸው። እሳቸው እንዳሉት ጻፉ፣ አታሳምሩት፣ ማን እንደነገራችሁ፣ እድሜያቸው ስንት እንደሆነ፣ እሳቸውስ ከማን እንደሰሙት አብራችሁ መዝግቡ፣ ጎረቤትየው ሌላ ታሪክ ካላችሁ ደግሞ ሁለቱንም አስቀምጡ እንጂ የቱ ልክ ነው ብላችሁ አትዳኙ።