"ለእናቴ ልንገራት ወይ?" ላልሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ከወሎ መጥታ እናንተ ጋ ያረፈችው የአክስትሽ ልጅ በጦርነቱ ጊዜ ታጣቂዎች እንደደፈሯት ለአንቺ ብቻ ነግራሻለች። አንቺ ደግሞ ምን ልበላት፣ ሐኪም ቤት ልውሰዳት ወይ፣ ለእናቴስ ልንገራት ብለሻል። ለማንም አትንገሪ። ራሷ ንገሪልኝ ካላለች በቀር ለእናትሽም ቢሆን።

ይህን የምልሽ ተሳስቼ ስላየሁት ነው። በ2014 እኛም ቤት አንዲት ዘመዳችን ከዚያው አካባቢ መጥታ ነበር። እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች፣ ከዚህ የበለጠ ግን ስለ ማንነቷ አልናገርም። የድሬን ሙቀት ታውቂዋለሽ፤ ግንቦት ላይ ፍራሽ አውጥተን ግቢ ነው የምንተኛው። እሷ ግን ያቺን ምድጃ የመሰለች ክፍል ዘግታ ትተኛለች። እኔ ጅሏ "ውጪ ነፋሻ ነው፣ ታፍነሽ ልትሞቺ ነው እንዴ" እያልኩ ስጨቀጭቃት ከረምኩ። ኋላ ሲገባኝ ከውስጥ መቀርቀሪያ አስገጠምኩላት፣ ቁልፉን ሰጠኋት፣ ቬንትሌተሯንም ወደ እሷ ክፍል አዛወርኳት። የነገረችኝ ከዚያ በኋላ ነው፣ በሳምንቱ፣ ሽንኩርት እየላጥን። ቀና ብላም አላየችኝ። እኔም መላጤን አላቆምኩም።

አንቺም ስትነግርሽ "ስንት ነበሩ፣ ለምን አልሮጥሽም" አትበያት። "አምንሻለሁ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም" በቂ ነው። "እርሺው" የምትለዋን ቃል ደግሞ ጨርሰሽ ተያት፣ አቦ! ማን መርሳት የማይፈልግ አለ?

ሐኪም ቤቱን በተመለከተ፣ ጊዜው አልፏል ብላችሁ አትተዉት። ጥቃቱ ትኩስ ሲሆን ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ ለ28 ቀን ይዋጣል። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያው እስከ 5 ቀን ይሰጣል፣ በቶሎ ሲሆን ይሻላል። ካረገዘችም በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 ማቋረጥ ይፈቀዳል። ተደፍሬ ነው ማለቷ ብቻ በቂ ነው፤ የፖሊስ ወረቀት አምጪ የሚል ካለ ተሳስቷል። ይህን ሌላም የሚያነበው ይኖራል ብዬ ነው እንጂ የእናንተዋ ይሄ አልፏታል። እሷ የሚያስፈልጋት የኤችአይቪ፣ የጉበት ቫይረስና የአባላዘር በሽታ ምርመራ ነው። የማይለቅ የሆድ ሕመም ወይም ሽንት የመቆጣጠር ችግር ካለም ትናገር፣ ሴቶች እሱን ለዓመታት ይደብቁታል። የእንቅልፍ ማጣቱንም እንደ በሽታ ትንገራቸው።

እኛ መጀመሪያ የሄድንበት ቦታ ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ፣ ሰልፉ ሁሉ እየሰማ፣ "ምን ሆና ነው?" አለችኝ። እሷን እንኳ አልጠየቀቻትም፣ እኔን ነው። በመጣንበት ባጃጅ ተመለስን፣ ከዚያ ሁለት ወር ሙሉ ስለ ሕክምና መስማት አልፈለገችም። በሁለተኛው እኔ ብቻዬን ቀድሜ ሄጄ አንዲት ነርስ አነጋገርኩና ሰው የሚቀልበትን ሰዓት ነገረችኝ። አንዳንድ ሆስፒታሎች ሐኪሙም፣ ፖሊሱም፣ ዐቃቤ ሕጉም አንድ ቦታ የሚገኙበት "የአንድ ማዕከል" አገልግሎት አላቸው፣ እሱን ጠይቂ። ሕክምና ገባች ማለት ግን መክሰስ አለባት ማለት አይደለም። ማመልከት አለማመልከቱ የእሷ ምርጫ ነው፣ ካልፈለገች ይቅር።

ሐኪም ቤት እንሂድ ወይ የሚለውን ግን ዛሬ አታንሺባት። ዛሬ ማታ የት መተኛት እንደምትፈልግ ብቻ ጠይቂያት።