ሸክላውን ገልብጪው

ጥያቄ፦ የአሜሪካዊቷን ዘፋኝ የዶና ሰመርን «ላቭ ቱ ላቭ ዩ ቤቢ» ሸክላ አገኘሁ። አንደኛው ገጽ ላይ ያለው አንድ ዘፈን ብቻ ነው፣ እሱም የሚበዛው ማቃሰት ነው። የመጀመሪያ አልበሟ ስለሆነ ነው እንዲህ የሆነው? ያኔስ ሰው እንዴት ተቀበለው? (ሸክላ ወዳዷ)

መልስ፦ የመጀመሪያዋ አይደለም፣ ሁለተኛዋ ነው። ግን ብትሳሳቺ አይገርምም። «ሌዲ ኦፍ ዘ ናይት» የተባለው የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው ሆላንድ ውስጥ ነው፤ አሜሪካ አልደረሰም። የገዛ አገሯ ሰዎች ያወቋት በዚህኛው፣ በ1975ቱ ነው።

ዶና «ሄር» የተባለው ሙዚቃዊ ተውኔት ላይ ልትሠራ ጀርመን ሄዳ እዚያው ከርማ ነበር። ዘፈኑን ሙኒክ ውስጥ ከሙዚቃ አዘጋጆቹ ከጆርጆ ሞሮደርና ከፒት ቤሎት ጋር ስትሠራው እንደማንኛውም ነጠላ ዜማ አጭር ነበር። ያረዘመው ኒል ቦጋርት ነው፣ የካዛብላንካ ሬከርድስ የተባለው የሸክላ አሳታሚ ድርጅት አለቃ። ድግስ ላይ ቢያጫውተው እንግዶቹ ድገመው፣ ድገመው አሉት፤ እሱም ወደ ሙኒክ ደውሎ አስረዝሙልኝ አለ ይባላል። ወደ 17 ደቂቃ ደረሰና አንዱን ገጽ ዋጠው። የሚያቃስተውን ክፍል ስትቀዳ አፍራ የስቱዲዮው መብራት እንዲጠፋ አድርጋለች።

ዲስኮ ቤቶች አበዱለት (ዲጄውም ቢሆን ሳይቸኩል ሽንት ቤት ደርሶ ይመለሳል)። በ1976 መጀመሪያ ነጠላ ዜማው አሜሪካ ውስጥ 2ኛ ወጣ፣ አልበሙ 11ኛ። ቢቢሲ አላጫውትም አለ፤ ያም ሆኖ ብሪታንያ ላይ 4ኛ ደረሰ።

እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ወሬው ሁሉ ስለ ትንፋሿ ሆነና ድምጿን ማን ያውራላት? ቦስተን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እየዘመረች ያደገች ልጅ እኮ ናት፣ እንደዚያ ዓይነት ጉሮሮ ይዛ «የፍቅር ቀዳማዊት እመቤት» የሚል ስም ተለጠፈባት። እሷም አልወደደችውም። ኋላ ላይ ወደ እምነቷ ስትመለስ ዘፈኑን ለብዙ ዓመታት መድረክ ላይ መዝፈን ተወችው።

ስለዚህ ሸክላውን ገልብጪው። ሁለተኛው ገጽ «ፉል ኦፍ ኤምፕቲነስ» በሚባል ለስላሳ ዘፈን ይጀምራል፣ መጨረሻው ላይም ያው ዘፈን ይመለሳል። እዚያ ላይ ማቃሰት የለም፤ ትዘፍናለች።