መልስ፦ ውጭ አገር ስለተወለደው ልጅና ስለ ጉዲፈቻው

ከመሐል ሜዳ ለጠየቅሽው እህቴ፣ ጥያቄሽ ሁለት ነው። እህትሽ ጀርመን የወለደችው ልጅ እንዴት ይመዝገብ? የሟች ወንድማችሁን ልጅስ በጉዲፈቻ መውሰድ ትችላለች?

የመጀመሪያው ቀላል ነው። ከወላጆቹ አንዱ እንኳ ኢትዮጵያዊ ከሆነ ልጁ በትውልድ ኢትዮጵያዊ ነው። ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። የጀርመኑን የልደት ሰነድ ይዛ ወደ ኤምባሲያችን ትሂድ። መሐል ሜዳ ቀበሌ ለማስመዝገብ አትድከሚ፣ ልጁ እዚህ አልተወለደም።

ሁለተኛው ነው የሚያሳስበኝ። አሁን የያዘችው የማንን ፓስፖርት ነው? ዜግነቷን ቀይራ ከሆነ በሩ ዝግ ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1070 የውጭ ዜጎች ጉዲፈቻን አስቀርቷል። ደላላ «እኔ አስጨርሳለሁ» ቢልሽ አንድ ብር እንዳትሰጪው! የሕፃን ጉዳይ ነው።

ኢትዮጵያዊት ከሆነች ግን መንገድ አለ። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ጉዲፈቻ አድራጊ 25 ዓመት የሞላው፣ ልጁም ከ18 በታች መሆን አለበት። ባለትዳር ከሆነች ባሏም አብሮ መስማማት አለበት። እሱ የውጭ ዜጋ ከሆነ ጉዳዩ ይወሳሰባል፣ ቀድማችሁ ጠበቃ አማክሩ። የልጁ እናት በሕይወት ካለች ፈቃዷ ያስፈልጋል። የጉዲፈቻ ውሉ ፍርድ ቤት ካላጸደቀው አይጸናም፤ ዳኛውም የልጁን ሐሳብ ይሰማል። መሐል ሜዳ ያለችበት አማራ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ ስላለው ዝርዝሩን እዚያው ወረዳ ፍርድ ቤት ጠይቂ።

ቪዛው ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ፍርድ ቤት ስላጸደቀ ብቻ ጀርመን ልጁን አታስገባም፤ እህትሽ እዚያ ካሉት ባለሥልጣናት የጉዲፈቻው ፋይል ከመከፈቱ በፊት ታጣራ።